ቅዳሜ ማታ በወይዘሮ ስሜነሽ ቤት

ይርሳው ፈረደ ከቢቸና ወደ ሞጣ የተዛወረው በ1960 ዓ.ም. መስከረም ሊያልቅ ሲል ነው። ዝውውሩን የጠየቀው ራሱ ነበር፤ የመሥሪያ ቤቱ ሰዎች ግን ይህን አላመኑም። «ጸሐፊ ሰው ሹመት ሳያገኝ ከቢቸና ወደ ሞጣ የሚሄደው ምን ፍለጋ ነው? አንድም ጥፋት አለበት፣ አንድም ካለቃው ተጣልቷል» አሉ። እሱም አላስተባበለም። ሰው የመሰለውን ቢያወራ ይቀለው ነበር።

ነገሩ ወዲህ ነው። ሚስቱ አየሁሽ በ1958 ነሐሴ ላይ በመጀመሪያ ወሊዷ ከነልጇ ሞተችበት። ቢቸና ደግሞ ያዘነ ሰው የሚሸሸግበት ጥግ የላትም። ገበያ ቢወጣ «እግዜር ያጥናህ»፣ ቤተ ክርስቲያን ሊሳለም ቢሄድ «እግዜር ያጥናህ»፣ ጠጅ ቤት ደጃፍ ቢያልፍ «ያጥናህ ወንድሜ፣ ግባና ቅመስ»። ዓመት ሙሉ ይህንኑ ሰማ። ሙት ዓመቷ ከወጣ በኋላ ደግሞ የዘመዶቹ ነገር ተገለበጠ። ማጽናናቱ ቀረና መዳሩ መጣ። ታላቅ ወንድሙ ይግዛው በሳምንት አንድ ጊዜ ከገጠር እየመጣ የአንዷን ልጃገረድ ስም ከነአባቷ የበሬ ጥማድ ይጠራለታል። ይርሳው ሰምቶ ዝም ይላል። አንድ ቀን ግን ወንድሙ «የሞተ ተጎዳ፤ አንተ ምን ሆንክ?» ቢለው፣ በማግስቱ ቢሮ ገብቶ የዝውውር ማመልከቻውን ጻፈ።

ጽሑፍ ሥራው ነበር። በልጅነቱ ቅኔ ቤት ገብቶ ነበር፤ ጉባኤ ቃናውን አልፎ ሁለተኛው የቅኔ እርከን፣ ዘአምላኪየ ላይ ሲደርስ አባቱ ሞቱና ትምህርቱ ተቋረጠ። የእጅ ጽሑፉ ግን ውብ ስለነበር የመንግሥት ሥራ አገኘ። ሠላሳ ሰባት ዓመቱ ነው። ቀጭን፣ ረጅም፣ ሲሄድ አንገቱን ደፋ የሚያደርግ፣ ሲናገር የመጨረሻውን ቃል የሚውጥ ሰው ነበር።

አንድ ሣጥንና አንድ ፍራሽ በተከራየው በቅሎ ጭኖ፣ በደብረ ወርቅ በኩል መንገድ አድሮ፣ ሞጣ ገባ። ቤት የተከራየው ወይዘሮ ስሜነሽ ከሚባሉ ባላቸው ከሞተባቸው ሴት ግቢ ውስጥ፣ ከዋናው ቤት ጋር በግድግዳ የተያያዘች አንዲት ክፍል ነበር። እንግድነቱ እንደማይከብደው አስቦ ነበር። ጎጃሜ ነው፤ ቋንቋው አንድ፣ ጠበሉ አንድ። ግን ተሳሳተ። ከሩቅ አገር ለመጣ ሰው አገሬው ይራራለታል። ከቅርብ ለመጣ ሰው ግን የመጀመሪያው ጥያቄ «ዘመድህ ማነው?» ነው። ዘመድ የለኝም ሲል በጥርጣሬ ያዩታል። የመንግሥት ጸሐፊ መሆኑን ሲሰሙ ደግሞ የጀመሩትን ወሬ ያቋርጣሉ።

እንዲህ ሆኖ ወሩ አለቀ። ከቢሮ ይወጣል፣ ሻይ ቤት እራቱን ይበላል፣ ክፍሉ ገብቶ አልጋው ጠርዝ ላይ ይቀመጣል። የጮቄ ተራራ ብርድ በበሩ ሥር ይገባል። ቅዳሜ ቅዳሜ ሲመሽ ከግድግዳው ወዲያ የወንድና የሴት ሳቅ ይሰማል። ይርሳው ጠላ የሚሸጥበት ቤት መስሎት ነበር።

ጥቅምት መጨረሻ ላይ፣ አንድ ቅዳሜ፣ በሩ ተንኳኳ።

«ልጅ ይርሳው፣ አለህ?» አሉ ወይዘሮ ስሜነሽ።

«አለሁ፣ እትዬ።»

«መኖርህንማ አውቃለሁ። ወር ሙሉ ስትተነፍስ እየሰማሁ ነው። በል ተነሥ፣ አንድ ሰው ጎድሎብናል።»

«ለምኑ ነው የጎደለው?»

«መጥተህ እየው።»

ዋናው ቤት ሲገባ ፋኖስ በርቷል። መካከል ላይ ባለች ዝቅተኛ ጠረጴዛ ዙሪያ ሁለት ሰዎች ተቀምጠዋል። አንደኛው ወፍራም፣ ፊቱ ክብ፣ ሳቂታ ነው። ኃይለ ጊዮርጊስ ይባላል። የመንዝ ሰው ሲሆን በግብር ክፍል ጸሐፊ ነበር። ሌላው መምህር ኑርሁሴን ነው፤ ከደሴ ተመድቦ የመጣ፣ ሒሳብ የሚያስተምር፣ በነገር ሁሉ ቀስ የሚል ሙስሊም። ሁለቱ በደባልነት አንድ ቤት ተከራይተው ከመንገዱ ማዶ ይኖራሉ። አራተኛቸው የክሊኒኩ ድሬሰር ነበር፤ እሱ ወደ ደብረ ኤልያስ ስለተዛወረ ጨዋታቸው ተጓደለ። ጠረጴዛው ላይ የተቀመጠውን ሲያይ ይርሳው ከበሩ ቆመ።

«ካርታ ነው እንዴ? እኔ ቁማር አልጫወትም፣ እትዬ።»

«ማን ቁማር አለህ?» አሉ ስሜነሽ። «በእኔ ቤት ሳንቲም ጠረጴዛ ላይ አይወጣም። የተሸነፈ ሰው ስለ አገሩ አንድ ነገር ያወራል፤ በቃ። ይኼው ነው ዕዳው።»

«እኔ ሁልጊዜ ስለምሸነፍ መንዝ አልቆብኛል» አለ ኃይለ ጊዮርጊስ። «አሁን ከአንኮበር ወዲያ ተበድሬ ነው የማወራው። ቁጭ በል፣ ጋሼ፣ አድነኝ።»

ይርሳው ተቀመጠ።

ስሜነሽ ካርታ የተማሩት ከባላቸው ነው። ባላቸው አቶ ወልደ ኪዳን በመንገድ ሥራ አሥመራ ድረስ የኖሩ ሰው ነበሩ። ሁለቱ ልጅ ስላልወለዱ ማታ ማታ ፊት ለፊት ተቀምጠው ሲጫወቱ ሃያ ዓመት ኖሩ። «እሱ ሲሞት» አሉ ሴትዮዋ አንድ ማታ ተሸንፈው ሲያወሩ፣ «የእሱንም የእኔንም አድዬ በሁለቱም ወገን እጫወት ነበር። እሱን ሳሸንፈው ደስ አይለኝም፤ ሲያሸንፈኝም የለም። ኋላ እብደቴን ፈራሁና እነዚህን ጠራሁ።»

ጨዋታው አስቸጋሪ አልነበረም። ሁለት ጥቅል ካርታ ተደባልቆ ለእያንዳንዱ አሥራ ሦስት ይታደላል። አንዱን እየሳቡ አንዱን እየጣሉ፣ ሦስት ሦስቱንና አራት አራቱን አዛምዶ ቀድሞ «ዘጋሁ» ያለ ያሸንፋል። ይርሳው በሁለት ቅዳሜ ለመደው። በሦስተኛው ማንም አልቻለውም። የወጣውን ካርታ ሁሉ በቃሉ ይይዛል። ቅኔ ቤት ሳለ መምህሩ አንዴ የዘረፉትን ቅኔ ይይዝ እንደነበረው፣ ማን ምን እንደጣለ፣ ማን ምን እንደሚጠብቅ ያውቃል። ጓደኞቹ ጎበዝ ነው አሉ። እሱ ግን የሚጫወተው ለማሸነፍ አልነበረም። ላለመሸነፍ ነበር። ቢሸነፍ ስለ ቢቸና ማውራት አለበት፤ ስለ ቢቸና ካወራ ደግሞ የሚያወራው አንድ ነገር ብቻ ነው።

«ይኼ ሰውዬ ምን ቢደብቅ ነው የማይሸነፈው?» ይላል ኃይለ ጊዮርጊስ።

«ተወው» ይላል ኑርሁሴን፣ ብርዙን እየጠጣ። ሌሎቹ ጠላ ይጠጣሉ፤ ለእሱ ስሜነሽ ሳይፈላ የሚጠጣ የማር ብርዝ በሌላ ማሰሮ ያዘጋጁለታል። «ቀኑ ሲደርስ ራሱ ያወራል።»

አንዳንድ ቅዳሜ የስሜነሽ ታናሽ ወንድም ደምለው ከገጠር ይመጣል። ገበሬ ነው፤ ለእህቱ ጤፍ ወይም ባቄላ በአህያ ያደርስና በሩ አጠገብ በዱላው ተደግፎ ይቆማል። የመንግሥት ሰዎች ከእህቱ ጋር ተቀምጠው ማየቱ አይጥመውም። ኃይለ ጊዮርጊስ ግን ሰው አይመርጥም።

«አያ ደምለው፣ ናማ ተጫወት! እኔን የማያሸንፍ ሰው በጎጃም የለም።»

«በወረቀት መጫወት የእናንተ ነው» አለው አንድ ቀን ደምለው። «እኛ በወረቀት ተጫውተን አናውቅም። ወረቀት ነው በእኛ የሚጫወተው።»

ኃይለ ጊዮርጊስ ሳቀ። ይርሳው አልሳቀም፤ ወንድሙ ይግዛውም እንዲሁ እንደሚል ያውቃል። በዚያ ዓመት አዲስ የእርሻ ገቢ ግብር ታውጆ ገበሬው ሁሉ «መሬታችን ሊለካ፣ ርስታችን ሊወሰድ ነው» ይል ነበር።

ጥር ላይ፣ ጥምቀት ባለፈ ሳምንት፣ ኑርሁሴን ከደሴ ደብዳቤ ደረሰው። ሚስቱ ሴት ልጅ ወልዳለች። ስሜነሽ እልል አሉ። ኃይለ ጊዮርጊስ ተነሥቶ ኑርሁሴንን አቅፎ ወደ ላይ አነሣው። ይርሳውም «እንኳን ማርያም ማረችልህ» አለና፣ ለሙስሊም ማርያም ማለቱ ትዝ ብሎት አፈረ። ኑርሁሴን ግን «አሜን» አለ፣ እጁን ይዞ።

ከዚያ ተጫወቱ። ይርሳው በአምስተኛው ዙር የሚፈልገውን ካርታ ሳበ። አሥራ ሦስቱም ተዛምደዋል። «ዘጋሁ» ማለት ብቻ ነው የቀረው። አላለም። ካርታውን እያየ ቆየና ከተዛመዱት አንዱን መዝዞ ጣለ። በሚቀጥለውም እንዲሁ። በመጨረሻ ስሜነሽ ዘጉ፤ ሲቆጠር የተሸነፈው እሱ ሆነ።

«ጎሽ!» አለ ኃይለ ጊዮርጊስ ጠረጴዛውን እየመታ። «ቢቸናን ልንሰማት ነው!»

«ነሐሴ ነበር» ብሎ ይርሳው ጀመረ። «ቢሮ ነበርኩ። የጎረቤታችን ሴት መጥታ ሚስትህ ምጥ ይዟታል፣ ና አለችኝ። በእጄ የአንድ መሬት ክርክር ግልባጭ ነበር፤ አራት ገጽ ይቀረኛል። ምጥ የሴቶች ነገር ነው፤ ወንድ ቢሄድ በር ላይ ከመቆም ሌላ ምን ያደርጋል ብዬ አሰብኩ። እሺ፣ መጣሁ አልኳት። ቀለሙ እንዳይፈስብኝ፣ ጽሑፉ እንዳይበላሽብኝ፣ ቀስ ብዬ አራቱን ገጽ ጨረስኩ። ሳደርቀው እንኳ አልቸኮልኩም። ስወጣ ዝናብ ያዘኝና ደግሞ በረንዳ ላይ ትንሽ ተጠለልኩ። ቤቴ ስደርስ የሚያለቅሱት ውጭ ወጥተው ነበር። ‹ይርሳው መጣ? ይርሳው መጣ?› ስትል ነበር አሉኝ። ያን ግልባጭ አለቃዬ አይቶ አመስግኖኛል። ሲያምር አለኝ።»

ሁልጊዜ አፉ የማያርፈው ኃይለ ጊዮርጊስ አንገቱን ደፍቶ ካርታዎቹን አንድ በአንድ ሰበሰበ። ይርሳው «እግዜር ያጥናህ» እስኪሉት ጠበቀ። አላሉትም።

«ገጹን ሳትጨርስ ብትሄድ ትተርፍ ነበር?» አሉ ስሜነሽ።

«አላውቅም።»

«አታውቅም» አሉ ሴትዮዋ። «እሱ ነው ክፉው።»

ጠላ ቀድተው ሰጡት፤ እሱም ጠጣ። ከዚያች ማታ ጀምሮ ይርሳው የሰው አገር ሰው መሆኑ ቀረለት። ኃይለ ጊዮርጊስ በየጧቱ ከመንገድ ማዶ እየጮኸ ይጠራውና አብረው ቢሮ ይሄዳሉ። የካቲት ላይ ትኩሳት ይዞት ሲተኛ ሦስቱ ተራ ገብተው አስታመሙት፤ ኑርሁሴን የተማሪ ደብተር እዚያው አልጋው አጠገብ ተቀምጦ ያርም ነበር። ሁዳዴ ሲገባ ስሜነሽ ካርታውን ቆለፉበት። ቅዳሜው ግን አልቀረም። ሹሮና ባቄላ አሹቅ ቀርቦ ወሬ ብቻ ይወራ ነበር። ይርሳውም ስለ አየሁሽ የሆነ ያልሆነውን፣ አነጋገሯን፣ ሩጫ የመሰለ አካሄዷን ያወራ ጀመር። በሕይወቱ እንደዚያ የተናገረበት ጊዜ አልነበረም።

ፋሲካ ያለፈ ሰሞን የአገሩ ነገር ከረረ። ግብር ገማቾች ገጠር ሲወጡ ገበሬው መንገድ እየዘጋ ይመልሳቸዋል። ከአንዱ ቀበሌ ተደብድበው የተመለሱም ነበሩ። በዚህ መካከል፣ ግንቦት በገባ በመጀመሪያው ሐሙስ፣ የይርሳው አለቃ አንድ ረቂቅ አምጥቶ በአራት ግልባጭ እንዲጽፈው ሰጠው። የሚወጡት ገማቾች ስም ዝርዝር ነው። ይርሳው ሦስተኛው መስመር ላይ ሲደርስ ብዕሩ ቆመ። ኃይለ ጊዮርጊስ ተጽፏል። የተመደበበት ቀበሌ ሰዎቹን የደበደበው ነበር።

ተነሥቶ ወደ አለቃው ገባ። «ጌታዬ፣ ይህ ሰው የመንዝ ሰው ነው። አገሩንም ሰዉንም አያውቅም። ሌላ ቀበሌ ቢመደብ…»

አለቃው ቀና ብሎ አላየውም። «አንተ ጸሐፊ ነህ ወይስ መዳቢ?»

«ጸሐፊ ነኝ።»

«እንግዲያስ ጻፍ።»

ይርሳው ተመልሶ ተቀመጠና ጻፈ። አራቱንም። ፊደሉ እንደ ወትሮው አማረ። ይህንን ነገር ኋላ ብዙ ጊዜ ይናገረው ነበር።

ያን ዕለት ከቢሮ እንደወጣ በቀጥታ ከመንገድ ማዶ ወዳለው ቤት ሄደ። ኃይለ ጊዮርጊስ በረንዳ ላይ ጫማውን ይወለውላል።

«ሰዎቹን ወደ ደበደበው ቀበሌ ተመድበሃል። ታመምኩ በል» አለው ይርሳው። «ሆዴን በል፣ ራሴን በል። ከቢቸና ጀምሮ የማውቀው ድሬሰር እዚህ ክሊኒክ አለ፤ የሕመም ወረቀት ይጽፍልሃል።»

«እኔ ብታመም ማን ይሄዳል?»

«ማንም ይሂድ።»

«ከእኔ ቀጥሎ ያለው አካለ ወልድ ነው። አራት ልጆች አሉት። እኔ ያለችኝ አንዲት እናት ናት፣ እሷም ቁጣዋ ከዱላ ይከፋል» አለና ሳቀ። ከዚያ ሳቁን አቆመ። «እኔ እኮ መሬት አልወስድባቸውም፣ ጋሼ። ቁጭ ብዬ አዋራቸዋለሁ። ሰው ከሰው ሲጫወት ይግባባል። እኛስ እንዴት ተግባባን?»

ማታ ይርሳው ሄዶ ስሜነሽን ለመነ፤ ቀበሌው የወንድማቸው የደምለው ነበርና መልእክት ይላኩለት አለ። ስሜነሽ በማግስቱ ሰው ላኩ፦ «ወፍራሙ፣ ሳቂታው፣ የእኔ ቤት ሰው ነው። አደራ።» መልእክቱ ደረሰ። መልስ ግን አልመጣም።

ኃይለ ጊዮርጊስ ሰኞ ሄደ። ከሁለት ጭቃ ሹሞችና ከአንድ ፖሊስ ጋር። ቅዳሜ ማታ ሦስቱ ተሰበሰቡ። ኑርሁሴን «እስኪመጣ በሦስት እንጫወት» ሲል ስሜነሽ «ይምጣ፣ ይምጣ» አሉና ካርታውን ከሣጥን ሳያወጡ ቀሩ። ዝናብ ጣለ። የበሩ መዝጊያ በንፋስ በተንኳኳ ቁጥር ሦስቱም ቀና ይላሉ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሬሳው በቃሬዛ መጣ።

የሆነውን አብሮ የነበረው ፖሊስ ተናገረ። ሰዎቹ ቀበሌው እንደደረሱ ሦስት ቀን ማንም አላነጋገራቸውም፤ ውሃ እንኳ የሚሰጥ ጠፋ። ዓርብ ዕለት ኃይለ ጊዮርጊስ ደብተሩን ፖሊሱ ጋር ትቶ፣ ባዶ እጁን ወደ ተሰበሰበው ሰው ሄደ። ሊያዋራቸው። መጀመሪያ ሰሙት። አንዱን አስቆት ነበር ይባላል። ከኋላ ግን «መሬት ለኪው ይኸ ነው!» የሚል ድምፅ ተሰማና ድንጋይ ተወረወረ። የመጀመሪያውን ተከትሎ የቀረው መጣ።

ለቀብር የመጣው ሰው በጣት የሚቆጠር ነበር። ከተሜው ፈርቷል፤ ግማሹም የገበሬው ዘመድ ነው። መንዝ ሩቅ ነው፤ እናቱ ሊደርሱ አይችሉም። ስለዚህ ይርሳውና ስሜነሽ እንደ ዘመድ ሆነው ከሬሳው ራስጌ ቆሙ። ኑርሁሴን ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ውጭ፣ ዝናብ ላይ፣ ቀብሩ እስኪያልቅ ቆሞ ቆየ። አንድ ተማሪው ጃንጥላ ሊዘረጋለት ሲመጣ በእጁ መለሰው።

ይርሳው ለእናቲቱ ደብዳቤ የጻፈው በሳምንቱ ነው። መልሱ ሰኔ መጨረሻ ላይ መጣ፤ ያጥቢያቸው ቄስ ናቸው የጻፉላቸው። አንድ ጥያቄ ነበረበት፦ «ልጄ በሰው አገር ሲኖር ብቻውን ነበር ወይ?» ይርሳው ወረቀት ዘርግቶ ብዙ ቆየ። ካርታ ብሎ ቢጽፍ ሴትዮዋ ልጃቸው ቁማርተኛ የነበረ ይመስላቸዋል። «እናቴ ሆይ፣ ብቻውን አልነበረም። ቅዳሜ ቅዳሜ እየተሰበሰብን እንጫወት ነበር» ብሎ ጻፈ። ውሸት አልነበረም።

ሐምሌ ላይ ወታደር ገባ። ብዙ ገበሬ ሸሸ፣ ብዙውም ታሰረ። ከታሰሩት አንዱ ደምለው ነበር። ስሜነሽ ከለቅሶው ወዲህ ከወንድማቸው ጋር ቃል አልተለዋወጡም ነበር። ለለቅሶ መጥቶ በር ላይ ሲቆም «እዚያ ነበርክ?» ብለው ጠየቁት። «ነበርኩ» አለ። «መታህ?» «አልመታሁም።» «አስጣልክ?» ዝም አለ። በሩን ዘጉበት። ሲታሰር ግን በየቀኑ ምሳ ቋጥረው፣ ጭቃውን እየረገጡ፣ እስር ቤት ያደርሱ ጀመር። ምግቡን ለዘበኛው ይሰጣሉ እንጂ ወንድማቸውን አስጠርተው አያዩትም።

ነሐሴ አጋማሽ ላይ ኑርሁሴን ወደ ደሴ ዝውውሩ ተፈቀደለት። የሄደ ዕለት ይርሳው እስከ ከተማው ዳር ሸኘው። «ልጄን ላያት ነው» አለ ኑርሁሴን። «አንተም ልታያት ና።» ይርሳው «እሺ» አለ። ሁለቱም እንደማይመጣ ያውቁ ነበር።

ያን ሰሞን ነው ስሜነሽ የይርሳውን በር ያንኳኩት። አልገቡም፤ ደጃፉ ላይ ቆሙ።

«ልጅ ይርሳው፣ የምጠይቅህን ብትከለክለኝ አልቀየምህም። ደምለው ሳል ይዞታል፤ ደም ይተፋል አሉኝ። ስድስት ልጆች አሉት። አቤቱታ የሚጽፍልኝ ሰው አጣሁ። የሌላው ሰው ጽሑፍ ደግሞ እንደ አንተ አይነበብም።»

ውጭ ዝናቡ በቆርቆሮው ላይ ይወርዳል።

«አላስጣለውም እኮ፣ እትዬ።»

«አላስጣለውም» አሉ ስሜነሽ።

«መልእክትዎ ደርሶታል።»

«ደርሶታል።» ሴትዮዋ ወንድማቸውን አልተከላከሉለትም። ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘው ቆመው ብቻ ጠበቁ።

ይርሳው የዚያኑ ዕለት አልጻፈም። በማግስቱም አልጻፈም። በሦስተኛው ቀን ከቢሮ ሲመለስ፣ ኮቱን ሳያወልቅ ጠረጴዛው ላይ ተቀመጠ። አንድም ፊደል እንዲያምር ሳይጠነቀቅ፣ ቶሎ ቶሎ፣ ቀለም እየነጠበበት፣ አንድ ገጽ ተኩል ሞላ። ሳይደርቅ አጥፎ ለሴትዮዋ ሰጣቸው። ሄደው ያስገቡ፣ ሳይመሽ፣ ዛሬ፣ አላቸው።

ደምለው ጥቅምት 1961 ላይ ከሌሎች ብዙዎች ጋር ተፈታ። አቤቱታው ያስፈታው ይሁን፣ መንግሥት ራሱ ነገሩን ለማብረድ የፈታው ይሁን፣ ማንም አላወቀም። ውሎ አድሮ የዚያ ዓመት ግብርም ተተወ። ይህን ይርሳው የሰማው ቢሮ ውስጥ ነው፤ ደብዳቤው ለመገልበጥ እሱ ጋ መጣ። አንብቦ ሲጨርስ ከወንበሩ ተነሥቶ ውጭ ወጣና በረንዳው ላይ ቆመ። አለቃው ቢጠራውም ወዲያው አልገባም።

ደምለው እንደተፈታ አንድ ጧት ወደ እህቱ ቤት መጣ። ከስቷል፤ ጋቢው ትከሻው ላይ ተንጠልጥሏል። እህቱ አስገቡት። ምግብ ቀረበና ይርሳውንም ጠሩት። እምቢ ማለት አልቻለም። ሦስቱ አንድ ገበታ ላይ ተቀመጡ። ጥቂት እንደበሉ ደምለው እጁን ሰብስቦ፣ «የሆነውን ልንገርህ?» አለው።

«አትንገረኝ።»

«ሰው ነበር እኮ። ሲናገር ሳቅሁ። ካሳቃቸው አንዱ እኔ ነኝ። ከዚያ ድንጋዩ ሲመጣ…» አቆመ። «እግሬ አልነሣ አለኝ፣ ያባቴ ልጅ። ሌላ ምክንያት የለኝም።»

ይርሳው የያዘውን ጉርሻ ወደ ገበታው መለሰ። ይህን ሰው ሊጠላው ከግንቦት ጀምሮ ሲሞክር ኖሯል፤ አሁን ፊት ለፊት ተቀምጦ ሲያየው ግን ከራሱ የሚለይበት ነገር ጠፋበት። ይህ ደግሞ ከጥላቻው ይብስ ነበር።

«ብላ» አለው በመጨረሻ። «ከእስር የወጣ ሰው መብላት አለበት።»

ራሱ ግን ተነሥቶ፣ እጁን ታጥቦ፣ ሥራ አለብኝ ብሎ ወጣ። ቀኑ እሑድ ነበር፤ ቢሮው ዝግ ነው። የገበያውን ሜዳ አቋርጦ ከከተማው ዳር ደረሰና፣ የሚሄድበት ስለሌለው፣ እዚያው አንድ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። ስሜነሽ በኋላ መጥተው አገኙት። አጠገቡ ተቀመጡ። ደመናው ከጮቄ በኩል እየወረደ ነበር፤ ሁለቱም ያዩታል፣ ሁለቱም አይነሡም።